ሳይዘንብ የረጠበ ግድግዳ

ባለፈው ሰኔ ከሥራ ተሰናበትኩ። ተሰናበትኩ ስል ድግስ ተደግሶ፣ ንግግር ተደርጎ አይደለም። የጥገና ክፍሉ ሹም አስጠርቶኝ፣ «በላቸው፣ ሳልህ እስከ ቢሮዬ ይሰማል። ደረትህ ኖራ አልችል ብሏል። በቃህ፣ እረፍ» አለኝ። እሺ አልኩ። የልስን ማንካዬን አጠብኩ፣ ቱንቢዬን በገመዱ ጠቀለልኩ፣ ሁለቱንም ከመሮዬ ጋር ጆንያ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ «አይክፋህ» እያለ ያጽናናኝ ጀመር። እውነቱን ልናገርና አልከፋኝም። ደክሞኝ ነበር።

ሙያህ ምንድን ነው ሲሉኝ ግንበኛ ነኝ እላለሁ፤ መልሱ አጭር ስለሆነ ነው። ከመሠረቱ ጀምሬ እስከ ጣሪያው ያቆምኩት ቤት ግን እምብዛም የለም። የእኔ ሥራ የረጠበ ግድግዳ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ የሚኖርበት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም የእህል መጋዘን ውስጡ ሲረጥብ፣ ልስኑ ሲያብጥ፣ ኖራው እየተላጠ ሲወርድ እኛ እንጠራለን። ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንፈልጋለን፤ ስናገኘው መንገዱን እንዘጋበታለን። በአሰላና በአርሲ ደጋ ይህ ሥራ አያልቅም። ከላይ የጭላሎ ተራራ ደመና አለ፣ ከታች ክረምቱን ጠጥቶ የማይጠግብ መሬት አለ። አንዱን ቤት አድርቀን ስንመለስ ሌላው ረጥቦ ይጠብቀናል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ከድር ናቸው። የጢቾ ሰው ናቸው፤ ድንጋይ መጥረብና ሲሚንቶ ማቡካት የተማሩት ጣልያን መንገድ ሲሠራ ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላ የእኛ ጥገና ክፍል ዋና ግንበኛ ሆኑ፤ እኔም ያኔ ነው በእሳቸው ሥር የተቀጠርኩት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ነበሩ። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ሲናደዱና ሲያዝኑ ግን ወደ ኦሮምኛቸው ይመለሳሉ። ነገር ሲያስቸግራቸው «ማል ጎና» ይላሉ፤ ምን እናድርግ ማለታቸው ነው። ከዚያ የሚደረገውን ያደርጋሉ።

አንድ ቤት ስንጠራ ጋሽ ከድር ቶሎ ወደ ውስጥ አይገቡም። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ «ግቡ፣ ግቡ» ሲል እሳቸው በእጃቸው ሰላም ብለውት ወደ ጓሮ ይዞራሉ። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ መሬቱን የት ጋ እንደቦረቦረ፣ ጭቃው ግድግዳው ላይ እስከ ምን ድረስ እንደተፈናጠረ፣ የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል ከፍ ማለት አለማለቱን እያዩ ቤቱን ዙሪያውን ይዞሩታል። ባለቤቱ የናቁት እየመሰለው ይቀየማል። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እየሄድኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያ ዓመቴ ሥራ ግማሹ ይኸው ይቅርታ መጠየቅ ነበር።

ዙረታቸውን ሲጨርሱ ይገባሉ። ግድግዳውን ግን በመዳፋቸው አይነኩትም፤ የሚያስጠጉት የእጃቸውን ጀርባ ነው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«መዳፍህ ደንድኗል፣ ምንም አይነግርህም» አሉኝ። «ጀርባው ግን ገና ሥራ አልጀመረም።»

ከወለሉ ጀምረው በእጃቸው ጀርባ እየዳሰሱ ወደ ላይ ይሄዳሉ። እርጥበቱ ከታች በርትቶ ወደ ላይ የሚሳሳ ከሆነ ከመሬት ነው፤ ከላይ በርትቶ ወደ ታች የሚሳሳ ከሆነ ከጣሪያ ነው። ግድግዳው ነጭ ነገር ካወጣ ደግሞ በጣታቸው ጠረግ አድርገው ይቀምሱታል። ጨው ጨው ካለ ውሃው መሬት ለመሬት የመጣ ነው፤ በተለይ ቤቱ የቆመው የድሮ የከብት በረት ላይ ከሆነ። መጀመሪያ ሲቀምሱ ሳይ ፊቴን አዞርኩ። ኋላ እኔም ለመድኩት፤ ሚስቴ አሰለፈች ይህን ባነሳች ቁጥር እስካሁን ትስቅብኛለች።

ከሁሉ የሚበልጥባቸው ደንብ ግን አንድ ነበር። የረጠበ ግድግዳ የሚታየው በዝናብ ነው። በበጋ ሲጠሯቸው «ሐምሌ ላይ እመጣለሁ» ብለው ይመልሳሉ። ሐምሌ ሲገባ፣ ሰው ሁሉ በሚጠለልበት ሰዓት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይወጣሉ። «ውሃውን ሲገባ ነው ማየት ያለብህ፤ ከገባ በኋላ ዝም ይላል» ይሉኛል። በዚህ ደንብ ብዙ ቤት አድነናል፤ እኔም ከዚህ ውጭ ሌላ መንገድ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያልተላክንበት ቦታ የለም። ኦጎልቾ ላይ አንድ የጽሕፈት ቤት ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በበጋውም በክረምቱም ይረጥብ ነበር። ጋሽ ከድር ወደ ጎረቤት ዘልቀው ሲያዩ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቲቱ የውሃ ጋን ተደግፎ ቆሟል። ጋኑ ያዣል፣ ግድግዳው ይጠጣል። አንሺው ስንላት ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ፣ «ጋኔ እዚህ የቆመው መንግሥት ሳይመጣ ነው! ግድግዳችሁን አንሱ!» አለችን። ለምነን፣ ለምነን፣ ጋኑን የምታስቀምጥበት የድንጋይ መደብ በሌላ በኩል ሠርተንላት ታረቅን። ሮቤ ላይ ደግሞ የጨው ነጋዴ መጋዘን ነበር፤ ጨው የተደገፈበት ግድግዳ ከአየሩ ሳይቀር ውሃ ይስባል። ጢቾ ስንላክ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ አበላችንም እኛ ከተመለስን በኋላ ይደርሳል። ጋሽ ከድር ብቻ አገራቸው ስለሆነ ደስ ይላቸው ነበር።

ሹሞቻችን ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣሉ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዱ ግን ቤቱ ደረቀ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ነጣ ወይ ነው የሚለው። ትልቅ ሰው ለጉብኝት ይመጣል ከተባለ እርጥቡ ላይ ኖራ ቀቡ ይለናል። እንቀባለን። እንግዳው ሳይመለስ ኖራው ይላጣል። ጋሽ ከድር በእንደዚያ ያለ ቀን ማንካቸውን ሳይነኩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይውሉ ነበር።

አሁን ወደዚያ ቤት ልምጣ። ስለሌላው ሁሉ ስቀባጥር የቆየሁት እዚህ ላለመድረስ ሳይሆን አይቀርም።

አሰላ ውስጥ ዳገቱ ላይ የተሠራ አንድ የመንግሥት ቤት ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ በሲሚንቶ ተለስኖ የዘይት ቀለም የተቀባ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ የተወጠረበት። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቤት የደረሰው ሰው ዕድለኛ ይባላል። የደረሰው ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛውሮ ለመጣ ታደሰ ለሚባል የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ሚስቱ ብዙነሽ የመጀመሪያ ልጇን እዚያ ወለደች፤ ወንድ ልጅ። ሊያርሷት እናቷ እማማ አስካለ ከአገራቸው መጥተው ነበር። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ የሚቀመጥበት ጊዜ።

አቶ ታደሰ አንድ ጠዋት መሥሪያ ቤታችን መጣ። «የአራሷ ክፍል ግድግዳው ይረጥባል» አለ። «ልጁ ማሳል ጀምሯል። እባካችሁ።»

ጋሽ ከድር ደንባቸውን ሊነግሩት አፋቸውን ከፈቱ። ፊቱን ሲያዩት ግን ተውት። «ማል ጎና» ብለው የጀመሩትን ካብ ጥለው ተነሡ።

እዚያ ስንደርስ እማማ አስካለ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። «ከመንገድ የመጣ ሰው አራስ ቤት አይገባም» አሉ።

«እማማ፣ ግድግዳውን አንዴ ብነካው ይበቃኛል» አሉ ጋሽ ከድር።

«ልብስህ የያዘውን ነፋስ ይዘህባት ልትገባ? ክርስትናው ይድረስና ያኔ ታየዋለህ። ውሃው ከውጭ አይደል የሚመጣው? ውጩን እይልኝ።»

ማንም አልተከራከራቸውም። አሰለፈችም ስትወልድ እኔ ከሥራ ስመለስ ልብሴን ሳልለውጥ፣ ጥቂት ሳላርፍ አልገባም ነበር። ከበሩ መጋረጃ ሥር በጨረፍታ ያየሁት ቀዳዳ የደፈኑበትን ጨርቅ ብቻ ነው። መስኮቱ በአሮጌ ጋቢ ተወትፏል፤ የበሩ ስንጥቅ ሳይቀር ጨርቅ ተጠቅጥቆበታል። አራስ ቤት እንዲህ ነው የሚጠበቀው፤ እንግዳ ነገር አልመሰለኝም።

ስለዚህ ግድግዳውን ሳናየው ፈረድንበት። ጋሽ ከድር አቶ ታደሰን ጠየቁት። ከታች ነው ከላይ የሚብሰው? «ሁሉም ቦታ ነው፤ ጥጉ ላይ ጥቁር ነገር አብቅሏል» አለ። እሱም ቢሆን የሚተኛው ሳሎን ነው፤ ወደ ሚስቱ ክፍል ቢገባ ለአፍታ ነው። ወደ ጓሮ ዞርን። ከቤቱ ጀርባ ያለው መሬት ከወለሉ ከፍ ይላል፤ በዚያ ደረቅ ወር እንኳ ስትረግጠው ይለሰልሳል። ዳገቱ ውሃውን አምጥቶ ግድግዳው ላይ ያቆማል ማለት ነው። አገር ያወቀው ምክንያት ነው። ማንኛውም ግንበኛ ይህን ባየ ጊዜ አገኘሁት ብሎ እጁን ያጨበጭባል።

ቦይ መቆፈር ጀመርን። ከጀርባው ግድግዳ ጥግ ለጥግ፣ ከመሠረቱ ዝቅ ብሎ፣ በድንጋይ የሚሞላ። መሬቱ ከላይ ለስላሳ ከሥር ቋጥኝ ነው። አቶ ታደሰ ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ በእኛ በኩል ያልፋል። «አልተሻለውም» ይለናል፤ ስለ ግድግዳው ይሁን ስለ ልጁ መጠየቅ ያስፈራናል። ቦዩን ቆፍረንም ሳይበቃ ሲቀር ጣሪያው ላይ ወጣን፤ የምስማሩን ቀዳዳ ሁሉ በሬንጅ ደፈንን። የድንጋዩን መገጣጠሚያ ከውጭ በሲሚንቶ ሞላን። ከውስጥ ያለው ባሰበት እንጂ አልተሻለም። እማማ አስካለም ብርዱ ነው ብለው ክፍሉ ውስጥ ምድጃ ጨመሩ፣ የአራሷ መታጠቢያ ውሃ ከእሳቱ አይወርድም፣ አጥሚቱም እዚያው ይፈላል፣ የልጁ ጨርቅም እዚያው ይሰጣል። አዲስ ስንጥቅ ባዩ ቁጥር ይወትፉታል። እኛ ከውጭ ስንቆፍር እሳቸው ከውስጥ ይደፍኑ ነበር። ሁላችንም የምንለፋው ለአንድ ሕፃን ነው።

ቦዩ ውስጥ ቆመን የልጁ ሳል በግድግዳው በኩል ይሰማናል። ትንሽ ናት፤ ሳልም አትመስልም። ጋሽ ከድር ስትሰማ ዶማቸውን ያቆማሉ፣ ስታቆም ይቀጥላሉ።

ልጁ ክርስትና ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው ሞተ። ቦዩን ድንጋይ እየሞላን ሳለን የእማማ አስካለ ጩኸት ከውስጥ መጣ። እኔ ድንጋዩን እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ጋሽ ከድር ከቦዩ ወጥተው አፈሩ ላይ ተቀመጡና ጥምጥማቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ከዚያ በፊት ባዶ ራሳቸውን አይቻቸው አላውቅም።

ከቀብሩ በኋላ ክፍሉ ተከፈተ። መኝታው ወጣ፣ ጋቢው ከመስኮቱ ተነሣ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሹማችን መጣና ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ደርቋል እኮ! ቦዩ ነው ያደረቀው። ጎበዞች!» አለን። ከልቡ ሊያበረታታን ፈልጎ ነው። ጋሽ ከድር እስኪሄድ ጠበቁት። እሱ ሲሄድ የእጃቸውን ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ።

«በላቸው፣ ቦይ እንዲህ ቶሎ አያደርቅም» አሉኝ። «ድንጋይ የጠጣውን ውሃ ለመትፋት በጋው ሙሉ አይበቃውም። ይህ ግድግዳ ውሃ አልጠጣም። ላዩን ነበር።»

ከየት እንደመጣ ግን አላወቁም። የነገረቻቸው ብዙነሽ ናት። ለቅሶ ልንደርስ ሄደን መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ጋሽ ከድር «አላህ ያጽናሽ ልጄ» ብለው አጠገቧ ተቀመጡ።  ከዚያ እሷ ቀና ሳትል ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ውሃው ከውጭ ነበር እንዴ?»

«መስሎኝ ነበር።»

«ድስቱ ሲፈላ ነበር እኮ የሚብሰው። ተኝቼ ስመለከተው መጀመሪያ ጤዛ ጤዛ ይሆናል፣ ከዚያ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ጥጉ ላይ ያለው ጥቁር የሚመጣውም ከዚያው ነው። ዝናብማ አንድ ቀንም ዘንቦ አያውቅ።»

«ለማን ተናገርሽ ልጄ?» አሉ ጋሽ ከድር።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ልትወቅሳቸው ብላ አይደለም፤ እንዲሁ የሆነውን ነገረቻቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆሙ። «ዕድሜዬን ሙሉ ውሃውን ከውጭ ስፈልግ ኖርኩ» አሉ። «ይህኛው እዚያው ውስጥ ተወለደ። እኔ ዝናብ ስጠብቅ።» ከዚያ በኋላ የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ ለእኔም አልነበረም።

ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ሆኖ አገኘሁት፤ ቀላልነቱ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። የፈላ ውሃ እንፋሎት፣ የሰው ትንፋሽ፣ የተሰጣ ጨርቅ መውጫ ሲያጣ በቀዘቀዘው ሲሚንቶ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። በሣር ቤት ይህ የለም። ጢሱም እንፋሎቱም በሣሩ ሾልኮ ይወጣል፣ የተረፈውን ጭቃው ይጠጣዋል። እማማ አስካለ እነዚያን ሁሉ አራሶች አርሰው ልጅ ያሳደጉት በሣር ቤት ነው፤ እዚያ መድፈናቸው ልክ ነበር። ቤቱ ተለወጠ፣ አራስ ቤቱ ግን እንደዱሮው ተጠበቀ። ግድግዳው ልጁን ገደለው ብዬ መማል አልችልም። ሐኪም አይደለሁም። የክሊኒኩ ድሬሰር ደረቱ ነው አለ፤ ከዚያ በላይ የነገረን የለም። ግን ያንን ሳል እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ራሴ ሳስል ይበልጥ እሰማዋለሁ።

ጊዜው ዞሮ ብዙነሽ ደግማ አረገዘች። አቶ ታደሰ ዝውውር ጠየቀ፣ አልተፈቀደለትም። ሌላ ቤት ፈለገ፣ አላገኘም። እሷ ቀኗ በቀረበ ቁጥር ያንን ክፍል ማየት አቃታት፤ «እዚያስ አልወልድም፣ ሜዳ ላይ ልውለድ» ትላለች። እማማ አስካለ እንደገና መጡ። የመጀመሪያ ሥራቸው መስኮቱን መወተፍ ነበር።

ጋሽ ከድር ማንም ሳያዛቸው፣ በእረፍት ቀናቸው፣ እኔን አስከትለው ሄዱ። ከመውለዷ በፊት ስለሆነ በዚህኛው ጊዜ የሚከለክለን አልነበረም። ከግድግዳው አናት፣ ከኮርኒሱ ሥር ቀዳዳ ልክፈት አሉ።

እማማ አስካለ ግድግዳው ፊት ሄደው ቆሙ። «የፊተኛውን ነፋስ ወሰደብኝ። አንተ ደግሞ ለሁለተኛው በር ልትከፍትለት ነው?»

ጋሽ ከድር አልተከራከሩም። «እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አሉ። «እንደዚያን ጊዜው ይዝጉት። ውሃውንም ይጣዱት። እኔና እርስዎ ውስጥ እንቀመጥ።»

ገቡ። እኔ በሩን ከውጭ ዘጋሁት። ጠዋቱ እንደዚያው ጥርት ያለ ብርዳም ጠዋት ነበር፤ ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና የለም። ብዙነሽ ከእኔ ጋር ደጅ ቆማ ሆዷን ይዛ ትጠብቃለች።  ብዙ ቆይቶ የጋሽ ከድር ድምፅ መጣ። «እጅዎን ያምጡ። በጀርባው።»

ቀጥሎ የሰማሁት የእማማ አስካለን ልቅሶ ነው። በሩን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። አሮጊቷ ግድግዳው ሥር ቆመው እጃቸውን ያያሉ፤ ውሃ ከጣታቸው ይንጠባጠባል። «እኔ ነኝ እንዴ?» ይላሉ። «እኔ ነኝ ያዘነብኩበት?»

«አይደሉም እማማ» አሉ ጋሽ ከድር። «እርስዎ ከብርድ ጠበቁት። እኔ ከውሃ ልጠብቀው ነበር፣ አላወቅኩም። ተዉት አሁን፣ የሚመጣውን እናድን።»

አሮጊቷ ቢያምኑም ነፋሱን መፍራታቸውን አልተዉም። ጋሽ ከድርም አልናቁባቸውም፤ ከሥራቸው ሁሉ ያንን ነው የማደንቅላቸው። የተሰበረ እንስራ ፈልገው አንገቱን ለዩ። ከአልጋው ራቅ ባለው በኩል ግድግዳውን ከላይ በሱና የእንስራውን አንገት ወደ ውጭ አዘንብለው ገነቡት። ዝናብ አይገባበትም። ከፊቱ ከውስጥ በኩል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አቆሙ፤ ነፋስ ቢመጣ እሱን መትቶ ይመለሳል፣ እንፋሎቱ ግን በጎንና ጎኑ ዞሮ ይወጣል። ከታች በበሩ ሥር ደግሞ ጥቂት ክፍተት እንዲተው ለመኗቸው፤ የሚወጣ ካለ የሚገባም ያስፈልጋል። ድስቱና ምድጃው ወደ ማድ ቤት ሄዱ። እማማ አስካለ ቀዳዳውን ቄስ ጠበል ይርጩበት አሉ።

«ይርጩበት» አሉ ጋሽ ከድር። «ብቻ ብዙ እንዳያበዙት ይንገሩልኝ፤ ገና መድረቁ ነው።»

እማማ አስካለ ከመጡ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሴት ልጅ ተወለደች። ከተወለደች በኋላ እንደ ደንቡ እኛ አንገባም። ጋሽ ከድር ግን በየጠዋቱ ወደ ሥራ ሲሄዱ በዚያ በኩል ያልፋሉ። ከጓሮ በኩል ቆመው፣ «ብዙነሽ! የእጅሽን ጀርባ አስነኪው!» ብለው ይጣራሉ። ከውስጥ፣ «ደረቅ ነው ጋሼ!» ትላለች። አንድ ጠዋት መልሱ ቢዘገይባቸው ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ። ልጅቷን እያጠባች ኖሯል። ክርስትናዋ እስኪደርስ አላቋረጡም። ቤተሰቡ በኋላ ተዛውሮ ሲሄድ ልጅቷ በእግሯ ትሄድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጋሽ ከድር ደንብ ተለወጠ። ዝናብ መጠበቅ ተዉ። ቤት ስንጠራ ውጩን ከመዞራቸው በፊት የቤቱን ሴት ይፈልጋሉ። ማን ይተኛል እዚህ? ምን ይጣዳል? ግድግዳው መቼ ነው የሚያለቅሰው? ባለቤቱ «ለምን እኔን አትጠይቁኝም?» ሲል «አንተ ውለህ አታድርበትም» ይሉታል። በዚህ ዓይነት ያገኘናቸው እርጥቦች ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ግን ጋሽ ከድር እንደ ዱሮው አልሆኑም። አንድ ቤት ደርቆ ሲመሰገኑ ያችን ሳል የሚያዳምጡ ይመስለኝ ነበር። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ጢቾ ገቡ፣ እዚያው አረፉ። በዳገቱ ቤትም ከነታደሰ በኋላ የገባ ሁሉ የእንስራውን አንገት በጨርቅ ይወትፈዋል። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር በእንጨት እየገፋሁ አወጣዋለሁ። ይህን ያህል ዓመት አንድ ቀዳዳ ስከፍት ኖርኩ።

ይኸው ነበር የሥራ ዘመኔ፣ አለቀ ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ልጄ ዓለም ወለደች። ባሏ አዲስ የሠራው ቤት ነው፤ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ። ልጠይቃት በማለዳ ብሄድ አሰለፈች በሩ ላይ ቆማለች።

«ከመንገድ ነው የመጣኸው፣ አትገባም» አለችኝ። መስኮቱ ተወትፏል።

ዞሬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። «ዓለም!» ብዬ ተጣራሁ። «የእጅሽን ጀርባ ግድግዳው ላይ አድርጊ።»

ከውስጥ፣ «አባዬ፣ ውሃ ነው» አለች።

ቤቴ ተመልሼ ጆንያውን አወጣሁ። ጎረቤት የጣለውን የእንስራ አንገት ለምኜ አመጣሁ። መሰላል ላይ ወጥቼ መሮውን መታሁ። ሁለቴ መትቼ አስላለሁ፣ ሁለቴ መትቼ አርፋለሁ። አሰለፈች ከታች ሆና፣ «ነፋስ ልታስገባባት ነው! አንተ ሰውዬ፣ ደረትህ!» እያለች መሰላሉን ትይዝልኛለች። ሁለቱንም ፈርታለች፤ አልፈረድኩባትም። ፀሐይ መሀል ሰማይ ስትደርስ የመጨረሻው ድንጋይ ተነቀለ። ሙቅ እንፋሎት ቅቤና ገንፎ እየሸተተ ፊቴ ላይ ወጣ። አንገቱን አዘንብዬ ገነባሁት፣ ከመሰላሉ ወረድኩና ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። አሰለፈች አልተከራከረችኝም፤ ድስቱን ራሷ አውጥታ ወደ ማድ ቤት ወሰደችው።

ማምሻው ላይ ዓለም ሳልጠይቃት ተጣራች። «ደረቅ ነው አባዬ!» አለች። ደረቴን አቃጠለኝ፣ ዓይኔንም አቃጠለኝ፤ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

አሰለፈች መጥታ ከፊቴ ቆመች። ኖራውንና አቧራውን ከጋቢዬ ላይ በእጇ አራገፈችልኝ። «ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነህ» አለች። «የመንገዱ ነፋስ እስካሁን ለቆሃል። ግባ።»

ገባሁ። ግድግዳውን አልነካሁትም። ልጁ እናቱ ክንድ ላይ ተኝቷል። መዳፌን ወደ ኋላ መለስኩና የእጄን ጀርባ ጉንጩ ላይ አስጠጋሁ። ሞቃት ነበር።